ሥጋው ያንተ፣ አጥንቱ የእኛ

ኢብቲሃል በዚያ ጠዋት የአልጋ ልብስ አጥባ የግቢውን በር በውጭ በኩል አለበሰችው። ጣሪያው ላይ ገመድ እያላት፣ ፀሐዩ ከማለዳው ቆዳ የሚልጥ ሆኖ ሳለ፣ መንገደኛ በሚያልፍበት የብረት በር ላይ ምን አሰቀላት ብሎ የጠየቀ ጎረቤት አልነበረም። ከአልጋ ልብሱ ሥር በቀይ ቀለም ምን እንደተጻፈ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ኡስታዝ ሐዚም በጎሳ ይፈለጋል» ይላል። ሰውየውን እስከዚህ ድረስ ሲያስፈራሩት እንኳ «ኡስታዝ»፣ መምህር፣ ማለታቸውን አልተዉም፤ የባስራ ሰው ሲያዋርድህም አክብሮ ነው። በእኛ አገር ይህን ጽሑፍ ከእርቅ በፊት መፋቅ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው፤ መሸፈንን ግን የከለከለ የለም። ኢብቲሃልም የምትችለውን አደረገች። ከዚያ ገብታ ለባሏ እንቁላል ጠበሰችለት፤ እሱ ዳቦውን ሲቆራርስ ቆይቶ ምንም ሳይቀምስ ተነሣ። «ብላ እንጂ አቡ ሪሃም» አለችው፣ በልጃቸው ስም እየጠራች። ሪሃም ናሲሪያ ተድራ ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስለዚህ ነገር እንዳይነግሯት ተስማምተዋል፣ የተስማሙትም ሳይነጋገሩ ነው።

ሐዚም በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምር ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሀብት አላፈራም፣ ርእሰ መምህርም አልሆነም። የሚኮራበት ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ ተማሪ መትቶ አያውቅም። በመምህራን ክፍል እያንዳንዱ መምህር የራሱ ጎማ ወይም የራሱ ከዘራ አለው፤ አንዳንዱም ስም አውጥቶለታል። የሐዚም መሳቢያ ውስጥ ጠመኔና የራስ ምታት ኪኒን ብቻ ነው ያለው። «ዱላ የሌለው አስተማሪ ጨው የሌለው ወጥ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። ወላጆችም ቢሆኑ ከአንዴም ሁለቴ መጥተው፣ ልጆቻችን አንተን አይፈሩህም፣ ምን ይሻላል ብለውታል። እሱ ፈገግ ብሎ፣ ሒሳቡን ከፈሩት ይበቃኛል ይላቸው ነበር። ይህን ሲል እንዴት ደስ እንደሚለው ኢብቲሃል ብቻ ናት የምታውቀው፤ ማታ መጥቶ ይደግምላታል።

እሑድ ዕለት፣ በእኛ አገር የትምህርት ቀን ነው፣ በፈተና ላይ ሙጅተባ ሚዝባን የሚባል የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ እጅጌው ውስጥ በተደበቀ ወረቀት ሲገለብጥ አገኘው። ወረቀቱን ወሰደበትና «ውጣ ልጄ፣ ነገ እንነጋገራለን» አለው። ያለው ይህንኑ ነው፤ ሌሎቹ አርባ አንድ ተማሪዎች ሰምተዋል። ልጁ ወጥቶ የትምህርት ቤቱን በር ተቆልፎ ቢያገኘው አጥር ላይ ወጣ። አጥሩ ላይ ለሌባ ተብሎ የተተከለ የጠርሙስ ስባሪ አለ። ወደቀ፣ ቅንድቡም ተከፈተ፤ ሆስፒታል አምስት ስፌት ሰፉለት። ቤቱ ሲደርስ ማን ነው እንዲህ ያደረገህ ብለው ጮኹበት። ኩረጃውን ይናገር? ከአጥር ላይ ወደቅሁ ብሎ ለምን ዘለልክ ይባል? ኡስታዝ ሐዚም ነው አለ። ልጅ ነው፣ ያመለጠ መስሎታል። ነገር ግን ሌላ ሰው ሳይጠየቅ፣ ያን ዕለት ማታ ሃያ ሰው በሦስት መኪና መጣና በሩ ላይ በቀለም ጽፎ ሄደ። ቃል ከአንድ ልጅ አፍ ወጥቶ ጎሳ ከደረሰ በኋላ የልጁ መሆኑ ቀርቷል። ሦስት ቀን የጊዜ ገደብ ሰጡት፤ ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ይዞ ካልቀረበ ቤቱን ለቆ ይወጣል፣ ወይም የሚመጣውን ይቀበላል።

ጠዋቱን በትምህርት ቢሮ አጠፋው። የሕግ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መብራት ጠፍቶ የጣሪያው ማራገቢያ ቆሟል፣ ሹሙ በፋይል እያራገበ ተቀበለው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ ቀዝቃዛ ውኃ አስመጣለት፣ ነገሩንም እስከ መጨረሻው ሰማው። ሐዚም አርባ አንድ ተማሪዎች ይመስክሩልኝ አለ። ሹሙ የትኛው ወላጅ ልጁን በዚህ ነገር እንዲያስገባ ነው ሲል ጠየቀው።

«ኡስታዝ፣ ሕጉ ካንተ ጋር ነው» አለው ሹሙ። «መምህር የነካ ይታሰራል ይላል፣ እኔው ራሴ ላነብልህ እችላለሁ። ግን ሕጉ ማታ አንተ በር ላይ አያድርም።»

ደረጃውን ሲወርድ ርእሰ መምህሩ ደወለለት። የትምህርት ቤቱም በር ተጽፎበታል፣ ሴቶቹ መምህራን ፈርተዋል፣ እባክህ ዛሬ ጨርሰው አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለኩረጃው የተሰጠውን የልጁን ዜሮ ሰርዞ ሃምሳ እንዳደረገው ነገረው፤ ለሰላም ሲባል። ሐዚም ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ደረጃው ላይ ቆመ። ያች ዜሮ ትክክል ነበረች። ሒሳብ ውስጥ ትክክል የሆነ ነገር ለማንም ሲባል አይለወጥም፣ ይህን ነው ሲያስተምር የኖረው። «እሺ» አለና ዘጋው።

ታላቅ ወንድሙ ገሳን ዓሻር ገበያ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ይሸጣል። አያታቸው አናጢ ነበሩ፣ አባታቸውም አናጢ፤ ከተማ ተወልዶ ከተማ የሞተ ቤተሰብ ነው፣ ጎሳ የሚባል ነገር የላቸውም። በደህናው ጊዜ ይህ ያስኮራ ነበር። እኛ የተማርን የከተማ ሰዎች ነን ይባል ነበር። አሁን ግን ጎሳ የሌለው ሰው ጣሪያ የሌለው ቤት ነው፣ ዝናብ እስኪመጣ ብቻ ነው የሚያምረው። ገሳን ነገሩን እንደሰማ ወንድሙን አልወቀሰም፤ ያደረገው ሼኽ መፈለግ ነው። በባስራ እንደ ሠርግ ድንኳን የሚከራዩ ሼኾች አሉ። ካባው ተተኩሶ፣ የራስ ጥምጥሙ ነጥቶ፣ ሠላሳ የሚያህል ጢማም ሰው በሁለት ሚኒባስ አስከትሎ ይመጣል፤ የአንተ አጎት ነኝ ብሎ ይናገርልሃል፣ ምሽት ላይ ስምህንም ይረሳል። ዋጋውን ገሳን ከፈለ። ስንት እንደሆነ ሐዚም ቢጠይቀው «ተወው» አለና የአንድ ደንበኛ ፓምፕ ይፈታ ጀመር።

ሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ገሳን ካርቶን ላይ ሳንድዊች ዘርግቶ ብላ አለው፤ ስለ ቧንቧ ውኃው ጨዋማነት፣ ስለ ጀነሬተሩ ዋጋ መወደድ አወራለት። በሦስቱ ቀን ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ አልጠየቀውም። ሐዚም ጠበቀ። አብረው ያደጉ፣ በአንድ ፍራሽ ላይ የተኙ ሰዎች ናቸው፤ መጠየቁ አይቀርም ብሎ ጠበቀ። በመጨረሻ ራሱ ተናገረ።

«ገሳን፣ ልጁን መታሁት ብለህ ነው የምታስበው?»

ገሳን መፍቻውን ይዞ ቀና አለ። «ምን ለውጥ አለው ሐዙሚ?» አለው፣ በልጅነት ስሙ። ክፋት አልነበረውም። ሐዚምን የጎዳው ግን ይኸው ነው፣ የገዛ ወንድሙ ይህን ያለው እንዲህ በፍቅር መሆኑ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሚኒባሶቹ መጡ፤ ገሳን በራሱ መኪና ከኋላ ተከተላቸው። ሼኽ ዓጂል የሚባሉት የኪራዩ ሼኽ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ስልሳ የሚሆናቸው፣ ሽቶ የረበበባቸው፣ ጉንጫቸው የደላው ሰው ናቸው። ሐዚምን ከጎናቸው አስቀመጡትና የአባቱን ስም ጠይቀው ለራሳቸው ሦስት ጊዜ ደገሙት። ከኋላ ያሉት ሰዎች ስለ ኳስ ይከራከራሉ። መንገዱ ከተማውን ለቆ ወደ ተምሩ እርሻ መታጠፍ ሲጀምር ሐዚም አፉን ከፈተ። ከዚህ በኋላ ጊዜ እንደማይኖረው ገብቶታል።

«ሼኽ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጁን አልመታሁትም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንንም መትቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ ሼኹ።

ሐዚም ዞሮ አያቸው።

«ሁሉም ሰው ያውቃል። አባትየውም ሳያውቅ አይቀርም» አሉ ሼኹ፣ በመስኮት ተምሩን እያዩ። «ነገር ግን አስብ እንጂ ኡስታዝ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ‹አልመታሁትም› ካልክ የሰውየውን ልጅ ውሸታም አልከው ማለት ነው፣ ያውም በሽማግሌ ፊት። ለጥፊ ካሣ አለው፤ ስንት እንደሆነ እናውቃለን፣ ተከራክረን እናስቀንሳለን። ልጅህ ውሸታም ነው ለማለት ግን ካሣ አልተቆረጠለትም። እሱ ደም ያመጣል። ስለዚህ ዛሬ እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ። ሲጠይቁህ አንዲት ቃል፦ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው›። ከዚያ ወደ ሒሳብህ ትመለሳለህ።»

ሐዚም ይህን ስሌት ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሠራው። ስሕተት አጣበት።

የልጁ አባት የሐጂ ሚዝባን የእንግዳ አዳራሽ በብሎኬት የተሠራ ረጅም ቤት ነው፤ ዙሪያውን ቀይ ምንጣፍና ትራስ ተደርድሮበታል፣ ሁለት የአየር ማቀዝቀዣ እየተንጠባጠበ ይጮኻል። የልጁ ወገን ስልሳ ሰው ይሆናል፣ ሁሉም ተነሥቶ ተቀበላቸው። ሻይ ቀረበ፤ እንግዶቹ ብርጭቆውን ፊታቸው አስቀመጡት እንጂ አልነኩትም፣ የመጡበት ሳይፈጸም አይቀመስማ። ሐጂ ሚዝባን ራሱ ግዙፍ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ የጭነት መኪና ሹፌርነት ወገቡን የጎዳው ሰው ነው። ሐዚም ጨካኝ ፊት ጠብቆ ነበር፤ ያየው ግን የደከመ አባት ነው። ልጁ ሙጅተባ በወዲያኛው ግድግዳ ሥር ከአጎቶቹ መካከል ተቀምጧል። ቅንድቡ ላይ ነጭ ፋሻ ተለጥፎበታል። ከገቡ ጀምሮ ምንጣፉን ብቻ ነው የሚያየው።

ሼኽ ዓጂል ተነሥተው ተናገሩ። መናገርስ ያውቁበታል፤ ገሳን የከፈለው ገንዘብ ከንቱ አልቀረም። ልጃችን ሐዚም ተሳስቷል አሉ፣ ሰይጣን ነው፣ ሙቀቱ ነው፣ በፈተናው ግርግር ዓይኑ ጨልሞበት እጁን ሰነዘረ አሉ። ልጁ ሲወድቅ እንኳ ሮጦ ሊያነሣው እንደሞከረ፣ ደሙን ሲያይ እንዳለቀሰ ተረኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም አሉ፤ ከተናገሩት ሁሉ እውነት የነበረው ይህ ብቻ ነው። አዳራሹ በኀዘን ራሱን ነቀነቀ። ሐዚም ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መስሎት ሲሰማ ቆየ፤ ያንን መምህር በዓይነ ሕሊናው አየው፣ ጠላውም። የልጁ ወገን አፈ ጉባኤ ስድስት ሚሊዮን ዲናር ጠራ፤ ሁለቱን ለነቢዩ ክብር፣ ሁለቱን ለእንግዶቹ ክብር ተዉት። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ሐዚምን አየ።

«ኡስታዝ» አለ ሐጂ ሚዝባን ቀስ ብሎ፣ «አንተስ ምን ትላለህ?»

ሐዚም ልጁን አየው። አንዴ ቀና በልልኝ ብሎ ለመነው፣ በልቡ። ቀና ቢል ምን ሊሆን እንደሚችል አያውቅም፤ ብቻ ከስልሳ ሰው መካከል እውነቱን የሚያውቅ አንድ ዓይን እንዲያየው ፈለገ። ሙጅተባ የምንጣፉን ክር ይነቅል ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ሐዚም።

ሐጂ ሚዝባን ወገቡን ይዞ እንደምንም ተነሣ። አዳራሹን አቋርጦ መጥቶ ሐዚምን አቀፈው፣ ትከሻውን ሳመው፣ የቀረውንም ሁለት ሚሊዮን ለመምህር ክብር ብሎ ተወለት። እንዲህ ያለ ደግነት ከየት እንደመጣ ሰው ሁሉ ተገረመ፤ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። ለሐዚም ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ክፉን ሰው ቢያንስ መጥላት ይቻላል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይሸከመው ነበር። አላበቃም። ሐጂ ሚዝባን ወደ ኋላው ዞሮ «ሙጅተባ፣ ና» አለ። ከአንዱ ሽማግሌ እጅ ቀጭን ሸምበቆ ከዘራ ተቀበለና ለሐዚም አቀበለው።

«እንካ ወንድሜ። ነገ ልጄ ክፍልህ ሲገባ፣ ‹የዚህን አባት እፈራለሁ› ብለህ ሳታስተምረው እንዳትቀር። እዚሁ በሰው ፊት አንድ ጊዜ ምታው። ቂም እንደሌለን ሰው ሁሉ ይይ።»

አዳራሹ በዚህ ንግግር ረክቶ ሳቀ። ጨዋ ሐሳብ ነው፣ አባት ያስባል ተባለ። ሼኽ ዓጂልም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐዚም «ሐጂ፣ ይቅርብኝ» አለ፤ እንደ ትሕትና ቆጠሩለትና ይበልጥ ወደዱት። «ይህማ ይቅር አይባልም» አለ አንዱ ከወዲያ፣ ድምፁ ግን የቀልድ ብቻ አልነበረም። የአባትየው እጅ እንደተዘረጋ ነው፤ ሻዩ እንደተቀመጠ ነው፣ አንድም ብርጭቆ አልተነሣም። ገሳን ከጥግ ሆኖ በዓይኑ፣ እባክህ፣ አለው። ልጁም መጥቶ ፊቱ ቆመና ሳይነገረው መዳፉን ዘረጋ። ሕፃን የሚመስል መዳፍ ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ የእስክርቢቶ ቀለም አለበት።

ሐዚም ከዘራውን አንሥቶ መዳፉ ላይ አሳረፈው፣ የነካ ያህል። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። «ይሄማ ዝንብ ማባረር ነው!» አሉ። «ኡስታዝ እኛን ፈርቶ ነው» አለ ሌላው። ሐጂ ሚዝባን ፈገግታው ትንሽ ቀዘቀዘ፤ እርቁ ከልብ አይደለም እንዴ የሚል ነገር ፊቱ ላይ አለፈ። ያን ጊዜ ሐዚም መታው። ድምፁ ጮኸ። የራሱ ክንድ እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳለው አያውቅም ነበር።

ልጁ አላለቀሰም። መዳፉን ብብቱ ሥር አደረገና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ መምህሩን አየው። ሐዚም የልጆችን ፊት ሲያነብ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሯልና ያየውን አላጣውም። የሙጅተባ ፊት ተፈትቷል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ አሁን ያወረደ ሰው ፊት ነው። «ኡስታዝ ሐዚም መታኝ» ብሎ ነበር። አሁን መትቶታል።

«በል እንግዲህ» አለ ሐጂ ሚዝባን፣ የልጁን ራስ እየዳበሰ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሥጋው ያንተ፣ አጥንቱ የእኛ። እንደፈለግህ አድርገህ ሰው አድርግልን።» ብርጭቆዎቹ በአንድ ጊዜ ተነሡ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፣ ሁሉም ግን ጠጣው።

በመልሱ መንገድ ገሳን በራሱ መኪና ወሰደው። ደስ ብሎት ያለማቋረጥ ያወራ ነበር፤ አንድ ዲናር ካሣ ሳይከፈል ማለቁን፣ ሼኹ እንዴት እንደተናገሩ፣ ሰውየው እንዴት ያለ ጨዋ እንደሆነ። በር ላይ ሲያወርደው «አየህ፣ ከበደብህ እንጂ ቀላል ነበር» አለው። ሐዚም አመሰገነው፤ ማመስገን ይገባዋል።

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። ገሳን ቀድሞ ደውሎ ኖሮ የአልጋ ልብሱ ከበሩ ላይ ተነሥቷል፤ ኢብቲሃል በርጩማ ላይ ቆማ በላምባ የነከረችውን ጨርቅ እያሸች ጽሑፉን ትፍቃለች። ክንዷ እስከ ክርኗ ቀልቷል። ሁለት ጎረቤቶች ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥተው እንኳን ደስ ያለሽ ብለዋታል፤ አንዷ ሐብሐብ ልካላታለች። ባሏን ስታይ ከበርጩማው ሳትወርድ ፊቱን መረመረችው።

«ጨረሳችሁ?»

«ጨረስን።»

«አልመታሁትም ብለህ ነገርካቸው?»

«መታሁት አልኳቸው።»

እጇ ቆመ። «እንዴት ትላለህ አቡ ሪሃም? ውሸት እኮ ነው።»

ሐዚም ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ነበር። «እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ውሸት ነበር» አላት።

ኢብቲሃል ከበርጩማው ወረደች። ስሙና «በጎሳ ይፈለጋል» የሚለው ተፍቆ ሐምራዊ እድፍ ብቻ ቀርቶታል፤ በሩ ላይ ያልተነካው «ኡስታዝ» የሚለው ነው፣ እሱን ምን አደረገኝ ብላ ትታዋለች። ሐዚም ከባልዲው አጠገብ ሌላ ጨርቅ አንሥቶ በላምባ ነከረና እሱን ይፍቅ ጀመር።